ከሰፌዱ ያመለጠች ጥይት

የላምባ ሽታ ነበር። የኔአለም ልጅነቷን ስታስብ ከእናቷ ድምፅም፣ ከሚካኤል ደወልም ቀድሞ የሚመጣላት ያ ሽታ ነው። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው፣ ከጎጆው ጀርባ በተቀጠለች ጠባብ ክፍል፣ ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር። የዛገውን መቀርቀሪያ ላምባ ውስጥ ነክረው ያሳድሩና ጠዋት በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሲወለውሉት ሽታው ግቢውን ያዳርሳል። ከከላላ ድረስ በበቅሎ የመጣው ባለጉዳይ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተራውን ሲጠብቅ፣ ትንሿ የኔአለም መሬት ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥይት ትለቅማለች።

ትለቅማለች ማለት ልክ ምስር እንደሚለቀመው ነው። ሰው ጥይቱን በከረጢት አደባልቆ ያመጣል፤ ከአያቱ የወረሰውን፣ ከገበያ የገዛውን፣ ከወታደር ያገኘውን ሳይለይ። ኋላ የመጣውን የክላሽ ጥይት አጭር ስለሆነ ሕፃንም ይለየዋል። አስቸጋሪዎቹ የቤልጅግና የኤም ዋን ጠመንጃ ጥይቶች ናቸው። ሁለቱም ረዣዥም፣ ሁለቱም ቢጫ፣ መቀመጫቸውም እኩል ነው። የቤልጅጉ ቀለህ ትከሻው፣ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ፣ ዝቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ደግሞ ወፈር ይላል። የልዩነቱ ነገር የጥፍር ያህል ነው።

“አልገባም የምትለውን ጥይት አትፍሪ” ይሏት ነበር አባቷ፣ እጃቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ። “ሰውየው ይገፋታል፣ ይራገማል፣ አውጥቶ ይጥላታል፣ አለቀ። የምትፈሪው ሰተት ብላ የምትገባውን ነው። የቤልጅግ ጥይት ኤም ዋን ውስጥ ሰተት ብላ ትገባለች። መግቢያው ይሰፋታል፣ መውጫው ይጠባታል። መውጫ ያጣች እንደሆነ ወደ ኋላ ነው የምትመጣው፣ ወደ ባለቤቱ ፊት።”

“በምን አውቃታለሁ ታዲያ?”

“ዓይንሽንም አትመኚ፣ እጅሽንም አትመኚ። ይቺ ድንጋይ ላይ አቁሚያት፤ የምታውቂያትን ደግሞ አጠገቧ አቁሚ። ትከሻቸው እኩል ካልሆነ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም።”

ድንጋይዋ ጥቁር፣ መዳፍ የምታህል፣ ፊቷ እንደ ምጣድ የለሰለሰ ነበረች። አባቷ ሲሞቱ ወንድሟ አወቀ መሬቱንና ኤም ዋኑን ወረሰ፤ የኔአለም ድንጋይዋን ወሰደች። ማንም አልተከራከራትም።

በዚያ አገር ስም ያለው ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ባዶ እጁን አይመጣም። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣል። የሌለው አንድም ሁለትም ጥይት ቋጥሮ ይመጣና ዳሱ ደጃፍ በተቀመጠው ሰፌድ ላይ ይጥላል፤ የመሸኛ ጥይት ይሉታል። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ባለጠመንጃዎቹ ከሰፌዱ እየተሰጣቸው ይተኩሳሉ። ቀበሌው ተኩስ ከከለከለ ቆይቷል፤ ግን ሟቹ የተከበረ ሰው ከሆነ ከልካዩም ራሱ ለቀስተኛ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ያ ሁሉ ዓይነት ጥይት አንድ ሰፌድ ላይ ሲዘረገፍ የሚለየው ሰው ያስፈልጋል። አርባ ዓመት ሙሉ የለየችው የኔአለም ነበረች።

ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ ይቀልዱባት ነበር።

“የኔአለም፣ ዛሬ ምስሩ እንዴት ነው?”

“ምስሩስ ደህና ነው፤ ድንጋይ አንተ ብቻ ነህ። ከሰፌዴ ዘወር በልልኝ።”

ኋላ ግን እሷ ያልነካችውን ጥይት ማንም አላጎርስም አለ። እሷ በለቀመችበት ልቅሶ አንድ ሰው ጣቱ እንኳ ተጭሮ አያውቅም። ባሏ በወባ ሞቶ፣ ሁለት ልጆቿን ቀብራ፣ ወደ ወንድሟ ግቢ ስትመለስ ይዛው የተመለሰችው ነገር ቢኖር ያ ስሟ ነው። የአወቀ ሚስት በወሊድ ስትሞትም ሕፃኑን ፈንታውን ከእናቱ ጎን አንሥታ ያቀፈችው እሷ ናት። በላም ወተት አሳደገችው። አፉን ሲፈታ “እማ” አላት፤ ሚስት አግብቶ ጎጆ ከወጣም በኋላ እንደዚያው ይጠራታል።

ዓይኗ መድከም የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ነው። መጀመሪያ ጭጋግ መስሏት ነበር፤ ያ ደጋ ጭጋግ አያጣም። ጭጋጉ በጋ ሲመጣም ሳይነሣ ሲቀር ጤና ጣቢያ ሄደች። “ሞራ ነው እትዬ” አለቻት ነርሷ። “ደሴ ቢሄዱ በአንድ ቀን ይገፈፍልዎታል።” ከአጨዳ በኋላ እሄዳለሁ አለች። ከአጨዳ በኋላ አወቀ ታመመ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገረችም። ሰውን በድምፁ እየለየች ሰላምታውን ቀድማ ትሰጣለች። መርፌ ስትይዝ ለፈንታው ሚስት ለሰብሌ “አንቺ ወጣት ነሽ፣ ክሪልኝ” ትላለች። እህልማ እጇ ያውቀዋል። ጥይትም እጄ ያውቀዋል ብላ ራሷን አሳመነች። ያለ ሰፌዱ እሷ ማን ነበረች? በወንድሟ ግቢ የምትኖር አንዲት ዓይነ ስውር መበለት።

አወቀ የካቲት ማለቂያ ላይ ሞተ።

የልቅሶው ዕለት ለቀስተኛው ከሦስት ወረዳ መጣ። የኔአለም ወንድሟን ማልቀስ ሲገባት ሰፌድ ታቅፋ ዳሱ ደጃፍ ተቀመጠች፤ ማንም ሌላ ሰው ይሥራው አላለም፣ እሷም አላለችም። ክላሹን ወደ ጀርባዋ፣ ኤም ዋኑን ወደ ቀኝ እየለየች፣ ግራውን ቤልጅግ ከመጣ ብላ ባዶ ትታ ሳለ አንድ ሰው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ከድምፁ በፊት በትንፋሹ አወቀችው። አብዱልጀሊል ነበሩ፤ ከአወቀ ጋር አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው ዘምተው፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ በጎረቤትነት የኖሩ ሰው።

“የኔአለም፣ እነሆ አራት ናቸው” አሉና የመሐረባቸውን ጫፍ ፈቱ። “የአባቴ ናቸው፣ አራቱም የቤልጅግ። ለብቻ አድርጊልኝ እቴዋ፣ ቤልጅግ የያዘ ሰው ይተኩስለት። ወላሂ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ቤቴ ውስጥ የለኝም።”

“እሺ አያ አብዱ። አላህ ያክብርልኝ።”

በግራ በኩል አስቀመጠቻቸው። ይህን በደንብ ታስታውሳለች። አራቱንም፣ አንድ በአንድ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት አልቃሽ ደረቷን እየደቃች መጥታ ሰፌዱ ጫፍ ላይ ወደቀች። ጥይቱ ተንሸራተተ፤ ግራና ቀኙ ተደባለቀ። ሴትዮዋን አነሡ፤ ሰፌዱን አቃኑላት። የኔአለም እንደገና መልቀም ጀመረች።  ካህናቱ አስከሬኑን ከበው ቆመዋል።

“እማ፣ ቶሎ በይ” አለ ፈንታው ከበላይዋ ቆሞ። የአባቱን ኤም ዋን ይዟል። “እኔን ነው የሚጠብቁት።”

አምስት ቆጠረችለት። አራተኛዋ ጥይት እጇ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። አጠረችባት። ወይም ያጠረች መሰላት። አውራ ጣቷን በትከሻዋ ላይ አሳለፈችው፤ ደግማ አሳለፈችው። ድንጋይዋ ጉያዋ ውስጥ ነበረች። አውጥታ ማቆም ትችላለች፤ ያቆመችውን ግን የሚያይላት ሰው ያስፈልጋል። “ፈንታው፣ እስቲ እየልኝ” ማለት ነበረባት፤ በሦስት ወረዳ ሕዝብ ፊት።

“እማ።”

“እንካ” አለችው።

ሦስቱ በደንብ ጮኹ። አራተኛው ድምፅ የጥይት አልመሰለም፤ እሳት የበላው ድንጋይ ሲፈነዳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።  የመጀመሪያው ጩኸት የሰብሌ ነበር።

ፈንታው ደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛ። ቀኝ ዓይኑን አወጡት። ጉንጩ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ተተልትሎ ተሰፋ።

እሱ ደሴ እያለ፣ ድሮ ወታደር የነበሩት ሽማግሌው አቶ ስማቸው የጠመንጃውን ስብርባሪ ሰብስበው አዩ። ውስጡ ተጣብቆ የቀረውን የቀለህ ቁራጭ በጉጠት አውጥተው የቤልጅግ ነው አሉ። የቤልጅግ ጥይት ያመጣ ማነው ተባለ፤ አብዱልጀሊል ብቻ። ስንት? አራት። ሰፌዱ ላይ በግራ በኩል የተገኘው ግን ሦስት ነው። አምና ደግሞ በፈንታውና በአብዱልጀሊል ማሳ መካከል የድንበር ክርክር ነበረ፤ ቃል ተለዋውጠዋል። ሰው እነዚህን ነገሮች አገጣጥሞ ለመስፋት ጊዜ አልፈጀበትም።

“ሦስቱን ሰጥቶ አራተኛዋን በጎን ከኤም ዋኑ ላይ ጣላት” አለች ሰብሌ፣ ከወንዝ ውኃ ይዛ ተመልሳ። “መንደሩ ሁሉ የሚለው ይኸንን ነው እማ። የሟች ልጅ ኤም ዋን እንደሚተኩስ ያውቅ የለ?”

“እኔ ለቅሜው የለም ወይ?” አለች የኔአለም ቀስ ብላ።

“እሱ ነው እኮ። አንቺ በአርባ ዓመት አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። ለቅመሽ ከጨረስሽ በኋላ ካልጣላት በምን ገባች?”

የኔአለም ያን ጊዜ ገባት። ሰውየውን የከሰሳቸው ሌላ ማንም አልነበረም፤ የእሷ መልካም ስም ነበር።

ያን ቀን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሰብሌ ወደ ምድጃው ዞራ ነበር፤ አፏን መልሳ ዘጋችው። ነገ እናገራለሁ አለች። በሳምንቱ ፈንታው ሲመለስ እናገራለሁ አለች። ፈንታው ሲመለስ ከበር ላይ ተቀብላ አቀፈችው፤ ፊቱን ዳብሳ ልትስመው እጇን ስትሰድ ያዘባት። “ይቅር እማ፣ ያምመኛል” አላት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ቀኑንም እህል አልቀመሰችም። የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። እሳቸውም “ለእኔ መንገርሽ ለነፍስሽ ነው፤ ለሰውየው ነፍስ ግን አልነገርሽም” አሏት። እያለቀሰች ተመለሰች። አሁንም አልተናገረችም።

ፈንታው ዝምተኛ ሆነ። አንድ ቀን ዘመዶቹ ተሰብስበው ሲያጽናኑት፣ አንዱ “እግዚአብሔር አንዷን ትቶልሃል” አለው።

“ትቶልኛል” አለ ፈንታው። “ለማነጣጠር ድሮስ አንዷን እንጨፍን የለም ወይ?”

አንዳንዶቹ ሳቁ። የኔአለም ግን አሳድጋዋለች። ይህ ልጅ ሲቀልድ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ቀን አልወጣም።

በማግስቱ በትሯን ይዛ፣ መንገዱን በእግሯ እየዳበሰች፣ አብዱልጀሊል ቤት ወረደች። ባለቤታቸው ባሲማ በሩን የከፈተችው ማንነቷን ከጠየቀች በኋላ ነው። ያ ቤት በቀን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። አብዱልጀሊል ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ገበያ መውጣት ትተዋል፤ ጁምዓም መስጊድ አልሄዱም።

“አንቺ መጣሽ፤ አልሐምዱሊላህ” አሉ። “የኔአለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ወደ ሰፌዱ ስመጣ አራቱም የቤልጅግ ናቸው፣ ለብቻ አድርጊ አላልኩሽም?”



“አላስታውስም አያ አብዱ” አለች። “ያን ዕለት ወንድሜ ሞቶ ነበር። ምኑን ላስታውስ?”

 “እውነትሽን ነው” አሉ ሽማግሌው። “እውነትሽን ነው። የወንድም ሞት ያስረሳል። እኔ ራሴስ ማለቴን በምን አውቃለሁ? ልል አስቤ ሳልል ቀርቼ ይሆናል።”

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እየተደናበረች ወጣች፤ አቀበቱ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ይህን ቃል ያወጣው አፍ የራሷ መሆኑን ለማመን እስኪያቅታት ድረስ ደጋግማ ለራሷ አለችው። አላስታውስም። አላስታውስም። አንድም ሳይጎድል ታስታውሳለች።

ሽማግሌዎቹ በአርባኛው ቀን ማግስት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ፈንታው ቤት ተቀመጡ። ከክርስቲያኑ ወገን አቶ ስማቸው፣ ከእስላሙ ወገን ሼህ ሙእሚን። ሼሁ ቁርአኑን በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። የተያዘው ነገር ቀላል ነበር፤ አብዱልጀሊል ጥይቷን ከኤም ዋኑ ላይ አልጣልኩም ብለው እጃቸውን ቁርአኑ ላይ አሳርፈው ይምላሉ፤ ፈንታው መሐላውን ተቀብሎ ነገሩን ይተዋል። ካልማሉ ሽማግሌ ከመካከል ይወጣል። ሽማግሌ ከመካከል ሲወጣ የሚከተለውን ደግሞ በዚያ ክፍል የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የኔአለም ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ልቧ ትንሽ ተረጋጋ። ይምላሉ፤ እውነት ስለሆነ ይምላሉ፤ ያልቃል። እኔም ሳልናገር ያልቃል።

“እንግዲህ አብዱልጀሊል” አሉ አቶ ስማቸው፤ “አንድ ቃል ናት። ማለህ እንውጣ።”

“አልምልም” አሉ አብዱልጀሊል።

“ሰማችሁ?” አለ ፈንታው።

“ቆይ ልጄ፣ አብሽር” አሉ ሼህ ሙእሚን። “ሰውየው ይናገር።”

“አልምልም ያልኩት አድርጌው አይደለም” አሉ አብዱልጀሊል። ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። “ለልጁ ክፉ አስቤ ከሆነ አወቀ ይፋረደኝ። ግን አራት ነበሩ ወይስ ሦስት? ለብቻ አድርጊ አልኩ ወይስ አላልኩም? አንዷስ ከእጄ ሾልካ ወደ ቀኝ ወድቃ እንደሆነ? አርባ ቀን ሙሉ ሳስበው ነገሩ ሁሉ ከእጄ ወጣ። የምታውቀውን ሰው ጠየቅኩ፤ እሷም አታስታውስም። የማላውቀውን ነገር በአላህ ቃል ላይ እጄን ጭኜ አውቃለሁ ልበል? አልልም። የፈለጋችሁትን አድርጉ።”

“በቃ” አለ ፈንታው። “ከዛሬ ወዲያ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።”

“ፈንታው፣ ሰውየውን ተወው” አለች የኔአለም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

“አራት ነበሩ። አራቱም የቤልጅግ ናቸው ብለውኛል። ለብቻ አድርጊ ብለውኛል፤ አድርጌም ነበር። ሰፌዱ ተደፋ፤ እንደገና ለቀምኩ፤ አንዷን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። ቤታቸው ሄጄ አላስታውስም ያልኩትም እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው።”

አቶ ስማቸው ጣልቃ ገቡ። “የኔአለም እኅቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። ደም እንዳይፈስ ብለሽ ነው። ግን በራስሽ ላይ በሐሰት አትመስክሪ። አንቺ ጥይት የምትስቺ ሰው አይደለሽም፤ ይህን አገር ያውቀዋል።”

“አገር የሚያውቀው ዓይን የነበረኝን ጊዜ ነው” አለች። “ከሦስት ዓመት ወዲህ አላይም። ሞራ ጋርዶኛል። ያቺን ጥይት ስይዛት አጥራብኝ ነበር፤ እዩልኝ ብል ዓይኔ እንደጠፋ ይታወቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ።”

 ከፊት ለፊቷ የበርጩማ እግር መሬቱን ሲፍቅ ሰማች። ፈንታው ተነሥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። የቁስል ቅባቱ ሸተታት።

“እማ” አላት። “ይህ ስንት ነው?”

እጁን አንሥቶ ይሆናል። ስንት ጣት ሊሆን እንደሚችል ገምታ መናገር ትችል ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትስት ሌላ ጊዜ ትደርስበታለች።

“አይታየኝም” አለች።

“ፊቴስ?”

“ፊትህም። ከደሴ ከተመለስክ ጀምሮ አላየሁትም። ጠባሳህ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያወቅኩት ሰብሌ ለሰው ስትናገር ሰምቼ ነው።”

ፈንታው ለረጅም ጊዜ ከፊቷ አልተነሣም። እስትንፋሱ ሲመታት ይሰማታል። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት፣ ቢመታትም እንኳ፣ አብሯት እንዳለ ታውቅ ነበር። ከኋላ በኩል አብዱልጀሊል እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀምረዋል፤ ሼህ ሙእሚን በለሆሳስ “አብሽር፣ አብሽር” ይሏቸዋል።

“ልጄ” አለችው የኔአለም፣ እጇን ወደ እስትንፋሱ ዘርግታ።

እጇ ነፋስ ዳሰሰ። ተነሥቷል። እግሩ በሽማግሌዎቹ መካከል ሲያልፍ ሰማች፤ አቶ ስማቸው “ፈንታው” አሉ፤ እርምጃው አልቆመም። በሩ ላይ፣ ለእሷ ከቀራት ነጭ ብርሃን መካከል፣ አንድ ጥቁር ነገር ቆመ። ቃል እስኪያወጣ ጠበቀች። ጥቁሩ ነገር ከበሩ ተነሣ፤ ብርሃኑም ባዶውን ቀረ።